ትኩረት የሚሻው የግመል ጤና

ግመል ድርቅን ተቋቁሞ በመኖር ረገድ ከሌሎች የቤት እንስሳት የላቀ መሆኑ በስፋት ይታወቃል። ይህ ዝናው ግን በአንድ በኩል ጎድቶታል። ረሃብንና ጥምን የሚችል እንስሳ በሽታንም ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ በእንስሳት ጤና አገልግሎት ዕቅዶች ውስጥ ግመል ለረጅም ጊዜ «ሌሎች እንስሳት» በሚለው ረድፍ ሲቀመጥ ቆይቷል። በተግባር ሲታይ ግን ግመልን የሚይዙት በሽታዎች፣ የበሽታዎቹ ምልክቶችና መድኃኒቶቻቸው ከቀንድ ከብት በእጅጉ የተለዩ ናቸው። ለከብት የተዘጋጀውን አገልግሎት እንዳለ ወደ ግመል ማዛወር ብዙ ጊዜ ጥቅም አያስገኝም፤ አንዳንድ ጊዜም እንስሳውን ይገድላል።

በወቅቱ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው ተቋም በ2013 ዓ.ም. ያካሄደው የናሙና ጥናት በአገሪቱ 8 ሚሊዮን ገደማ ግመሎች እንዳሉ ያመለክታል። ሁሉም ድሮመደሪ በሚል ስም የሚታወቀው ባለ አንድ ሻኛ ግመል ዝርያ ናቸው። ከፍተኛው ቁጥር የሚገኘው በሶማሌ ክልል ሲሆን፣ አፋርና የኦሮሚያ ቆላማ አካባቢዎች ይከተላሉ። በትግራይና በአማራ ክልሎች ምሥራቃዊ ጠረፎች እንዲሁም በድሬዳዋ ዙሪያም ግመል ይረባል። ቀደም ሲል በቀንድ ከብት ብቻ ይተዳደሩ የነበሩ የቦረና አርብቶ አደሮች ከተደጋጋሚ ድርቅ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግመል እያዞሩ በመምጣታቸው፣ ግመል አክሞ የማያውቅ የጤና ባለሙያ ዛሬ ግመል የሚቀርብለት ወረዳ ቁጥር ጨምሯል።

የግመል ሞት የሚያስከትለው ኪሳራ ከሌሎች እንስሳት ኪሳራ ጋር የሚመዛዘን አይደለም። እንስት ግመል ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልደው አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። እርግዝናዋ 13 ወራት ያህል የሚወስድ በመሆኑ ከዚያ በኋላም የምትወልደው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ያህል ነው። በጎቹና ፍየሎቹ ያለቁበት አርብቶ አደር ዝናብ ከተስተካከለ በጥቂት ዓመታት መንጋውን ሊተካ ሲችል፣ ግመሎቹ ያለቁበት ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሊጠብቅ ይችላል። ከዚህም ሌላ ግልገሏ የሞተባት ግመል አብዛኛውን ጊዜ ወተት መስጠት ታቆማለች። አንዳንድ አርብቶ አደሮች የሞተውን ግልገል ቆዳ ለእናቲቱ እያሳዩና እያሸተቱ የሚያልቡት ለዚሁ ነው። የሞተው አንድ ግልገል ቢሆንም ቤተሰቡ ያጣው ግን የአንድ ዓመት ወተት ጭምር ነው።

በተለያዩ አገሮች የአርብቶ አደር መንጋዎች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ከሚወለዱት የግመል ግልገሎች መካከል ከአምስት አንዱ፣ ሲብስም እስከ ግማሽ ያህሉ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ይጠቁማሉ። ለዚህ ዋናው ምክንያት ተቅማጥ ነው። የግመል ግልገል በእናቱ ማሕፀን ሳለ በሽታ የመከላከል አቅም ከእናቱ ደም አያገኝም፤ የሚያገኘው በተወለደባቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሚጠባው እንገር ነው። ይሁን እንጂ እንገር ግልገሉን ያስቀምጠዋል በሚል እምነት ምድር ላይ አልበው የሚያፈሱት አሉ። ይህንን ልማድ ለማስቀየር መድኃኒትም ሆነ ልዩ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በቋንቋው የሚያስረዳ ሰው ሲሆን፣ ከሁሉም የጤና ሥራዎች ወጪው አነስተኛ፣ ውጤቱም ፈጣን የሆነው ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

የአገሪቱ የእንስሳት ጤና አገልግሎት ለቀንድ ከብት ያደላበት ታሪካዊ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 ለዘለቀው «ክፉ ቀን» መነሻ ከሆኑት ዋነኞቹ አንዱ የደስታ በሽታ በሬዎችንና ላሞችን መጨረሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል የመንግሥት የእንስሳት ሕክምና ሥራ ማዕከል ይኸው በሽታ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1964 በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ለደስታ በሽታ ክትባት ምርት ሰፊ ድርሻ ነበረው። ዘመቻው በድል ተጠናቆ በሽታው እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ይፋ ሆኗል። ደስታ ግን ግመልን እንደ ከብት የሚያጠቃ በሽታ አልነበረም፤ የግመል በሽታዎችም በዚህ ሁሉ ጊዜ በዘመቻው ጥላ ሥር ቆዩ።

ይህ ውርስ ዛሬም በየዓመቱ በሚወጡ የክትባት ዕቅዶች ውስጥ ይታያል። በቀንድ ከብት ላይ ከፍተኛ ጉዳት የሚያደርሰው አፍተግር ድሮመደሪ ግመልን በቀላሉ አይዘውም፤ ተላላፊው የከብት ሳንባ በሽታም የግመል በሽታ አይደለም። ስለዚህ የግመል ቁጥር ከከብት በሚበልጥበት ወረዳ ለእነዚህ ሁለት በሽታዎች የሚመደበው ክትባት ለአብዛኛው አርቢ የሚፈይደው ነገር የለም። አባ ሰንጋ ግን ግመልንም የሚገድል፣ ሥጋውን ወደበላው ሰውም የሚተላለፍ በመሆኑ የክትባቱ ዕቅድ ግመልን ሊያካትት ይገባል።

በምርመራ በኩል ያለው ልዩነትም ቀላል አይደለም። በከብት ላይ ትኩሳት መለካት የመጀመሪያው የሐኪም ሥራ ነው። ውኃ ያልጠጣ ግመል ግን ላብ ላለማባከን ሲል የሰውነቱ ሙቀት ከንጋት እስከ ከሰዓት በኋላ ከ34 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍና ዝቅ እንዲል ያደርጋል። በመሆኑም በ9 ሰዓት 40 ዲግሪ ያሳየ ግመል ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ንጋት ላይ 39 ዲግሪ ያሳየው ደግሞ በጠና የታመመ ሊሆን ይችላል። ግመሉ መቼ ውኃ እንደጠጣ ሳይጠይቅ የሚለካ ባለሙያ ከመሣሪያው የሚያገኘው ቁጥር ትርጉም የለውም። ለከብት የተሠራው የእንጨት ክራሽም ለግመል ቁመት አይሆንም፤ ግመል የሚመረመረው ተንበርክኮ፣ የፊት እግሩ ታስሮ፣ በሚያውቀው ሰው እየተያዘ ነው።

ከግመል በሽታዎች ሁሉ ከፍተኛ ጉዳት የሚያደርሰው ሱራ በመባል የሚታወቀው በሽታ ነው። መንስኤው ትሪፓኖሶማ ኢቫንሲ የተባለ በደም ውስጥ የሚኖር ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1880 ዛሬ የፓኪስታን ግዛት በሆነው ዴራ ኢስማኤል ካን በፈረሶችና በግመሎች ደም ውስጥ ካገኘው የእንግሊዝ ጦር የእንስሳት ሐኪም ግሪፊዝ ኢቫንስ ነው። ተሕዋሱ የገንዲ በሽታ አምጪዎች የቅርብ ዘመድ ቢሆንም አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለው። ገንዲ በዋናነት ከቆላ ዝንብ መኖሪያ ውጪ አይስፋፋም። ሱራን የሚያስተላልፉት ግን ማናቸውም ትላልቅ ደም መጣጭ ዝንቦች ናቸው። ዝንቡ ከታመመው ግመል ላይ ተነስቶ አፉ ላይ የቀረው ደም ሳይደርቅ ሌላውን ከነከሰ በሽታውን አስተላለፈ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የቆላ ዝንብ ፈጽሞ በሌለባቸው በአፋርና በሶማሌ ቆላዎች ሱራ የተለመደ በሽታ ሆኖ ይገኛል።

በሽታው አንዳንዴ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይገድላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ለዓመታት እየቆየ እንስሳውን ያመነምናል። ትኩሳቱ መጣ ሄደት ይላል፤ ግመሉ ደም ያንሰዋል፣ ሻኛው ይሟሽሻል፣ ከመንጋው ወደኋላ ይቀራል፣ ያረገዘችው ታስወርዳለች፣ የምታጠባው ወተቷ ይቀንሳል። ምልክቶቹ ከረሃብ ጋር ስለሚመሳሰሉ በድርቅ ወቅት በሽታው ሳይታወቅ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። የሶማሌ አርብቶ አደሮች ዱካን ብለው የሚጠሩትን ይህን በሽታ የሚለዩት በተለይ ከታመመው ግመል ሽንት ሽታ ነው። ይህ ዘዴ በተመራማሪዎችም ዘንድ ትኩረት የሳበ ሲሆን፣ የአርቢው ጥርጣሬ የላቦራቶሪ መሣሪያ በሌለበት ቦታ ለባለሙያው እንደ መጀመሪያ ምርመራ የሚያገለግል ነው። «ግመሌ ዱካን ይዞታል» የሚልን አርቢ መረጃ የለህም ብሎ መመለስ አያስኬድም።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በአብዛኞቹ የእንስሳት ጤና ኬላዎች ለገንዲ የሚገኙት ሁለቱ የታወቁ መድኃኒቶች ዲሚናዚንና አይሶሜታሚዲየም ናቸው። ሁለቱም ለከብት የታሰቡ ናቸው። ግመል ለዲሚናዚን ያለው የመቋቋም አቅም አነስተኛ በመሆኑ መጠኑ ትንሽ ከፍ ሲል ጉበቱና ኩላሊቱ ተጎድቶ ሊሞት ይችላል። አይሶሜታሚዲየም ደግሞ የተወጋበትን ሥፍራ ክፉኛ ከማቁሰሉም በላይ ለግመል መርዛማ ነው። ለግመል የሚሰጡት ኩዊናፒራሚን፣ ሱራሚን እና በተለይ ለግመል ሱራ የተዘጋጀው ሜላርሶሚን ናቸው። የሜላርሶሚን መጠን በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.25 ሚሊ ግራም ብቻ ስለሆነ፣ የእንስሳውን ክብደት ሳይገምቱ በዘፈቀደ መውጋት አደገኛ ነው።

መጠን ማሳነስም የዚያኑ ያህል ጉዳት አለው። በገበያ ላይ በድብቅ የሚሸጥ መድኃኒት የሚገዛ አርቢ ብዙ ጊዜ አንዱን ብልቃጥ ለሁለትና ለሦስት ግመል ያካፍላል። ግመሉ ለጊዜው ይሻለዋል፤ የተረፈው ተሕዋስ ግን መድኃኒቱን ይላመዳል። በጎረቤት ሱዳን ኩዊናፒራሚንንና ሱራሚንን የተላመዱ ተሕዋሲያን በጥናት ተገኝተዋል። ለሱራ ክትባት የለም። ተሕዋሱ የላይ ሽፋኑን ደጋግሞ ስለሚለዋውጥ የሰውነት መከላከያ ሊደርስበት አይችልም። በመሆኑም ያለው መፍትሔ ዝንብ በሚበዛበት ከዝናብ በኋላ ባለው ወቅት መንጋውን ከወንዝ ዳርቻ ማራቅ፣ በሌሊት ማንቀሳቀስ፣ ጭስ ማጨስና ትክክለኛውን መድኃኒት በትክክለኛው መጠን መስጠት ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹን አርቢው ራሱ ያውቃቸዋል፤ ከመንግሥት የሚጠብቀው የመጨረሻውን ነው።

በጉዳት መጠን ከሱራ ቀጥሎ የሚጠቀሰው እከክ ነው። ቆዳን ሰርስራ የምትገባ በዓይን የማትታይ ተባይ የምታመጣው ሲሆን፣ ከራስና ከአንገት፣ ከብብትና ከጭን ጀምሮ መላ ሰውነትን ያዳርሳል። ግመሉ ቀኑን ሙሉ ዛፍ ላይ ሲታከክ ስለሚውል መብላት ይተዋል። በቅዝቃዜና በዝናብ ወቅት እንዲሁም በተራቡ እንስሳት ላይ ይብሳል፤ ወደ አላቢውና ወደ እረኛውም ይተላለፋል። አይቨርሜክቲን በመርፌ ሲሰጥ ጥሩ ውጤት ያስገኛል። ሆኖም የታመመውን ብቻ ነጥሎ ማከም ትርፉ ድካም ነው። አብረው የሚያድሩት ሁሉ በአንድ ቀን መታከም፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላም መደገም አለባቸው። ኮርቻውና ጭነት ማሰሪያው ሳይጸዳ ከቀረም በሽታው ተመልሶ ይመጣል።

የግመል ፈንጣጣ በአብዛኛው ወጣት ግመሎችን የሚይዝ ሲሆን በዝናብ ወቅት ይበረታል። በአፍንጫና በከንፈር ዙሪያ የሚወጣው ቁስል ግልገሉን ከመጥባት ይከለክለዋል። ታሞ የዳነ ግመል ዕድሜ ልኩን ስለማይደገመው አርቢዎች ጤነኛውን ግልገል ሆን ብለው ከታመመው ጋር የሚቀላቅሉበት ልማድ አለ። እንደ ሞሮኮ፣ ሳዑዲ ዓረቢያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ያሉ አገሮች ክትባት ሠርተውለታል። መዥገርና በአፍንጫ ውስጥ የሚያድገው የዝንብ ትልም ግመልን እያዳከሙ ለሌላ በሽታ ያጋልጡታል።

በመተንፈሻ አካላት ላይ የሚደርሱ በሽታዎች ነገር ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 በኢትዮጵያ የግመል መንጋዎች ውስጥ በፍጥነት የሚዛመት፣ ሳልና ከአፍንጫ ፈሳሽ የሚያስከትል ወረርሽኝ ተከስቶ ብዙ ግመሎችን ገድሏል። ከተወሰዱት ናሙናዎች የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ቫይረስ ምልክትና አንድ ዓይነት ባክቴሪያ በአንድነት ተገኝተዋል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ይህ ቫይረስ የበግና የፍየል ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ደግሞ በአፍሪካ ቀንድ ጥሩ አቋም ላይ የነበሩ አዋቂ ግመሎች በድንገት እየወደቁ ሲሞቱ ታይቷል። ሁለቱም ክስተቶች አንድ ትምህርት ይሰጣሉ። ናሙና በወቅቱ ተወስዶ ላቦራቶሪ ካልደረሰ የሞቱ መንስኤ ግምት ሆኖ ይቀራል፤ በግምት ላይ ተመሥርቶ ደግሞ ክትባት ማዘዝ አይቻልም።

ከመድኃኒት ውጪ ለግመል ጤና ወሳኝ የሆነው ጨው ነው። ግመል የሚያስፈልገው ጨው ከሌሎች የቤት እንስሳት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ በቀን ከ30 እስከ 60 ግራም እንደሚደርስ ይገመታል። ጨው ያነሰው ግመል ቆዳው እየቆሰለ ይበሰብሳል፣ መገጣጠሚያው ይታመማል፣ ወተቱም ይቀንሳል። አርብቶ አደሮች በዓመት የተወሰነ ጊዜ ጨዋማ ቅጠልና ጨዋማ ጉድጓድ ወዳለበት ሥፍራ የሚጓዙት ለዚሁ ነው። በሌላ ምክንያት የሚወሰን የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ እነዚህን መስመሮች ሲዘጋ የሚያስከትለው የጤና ችግር ከእርሻ ወይም ከግንባታ ሥራው ጋር የተያያዘ መሆኑ እምብዛም አይስተዋልም።

ግመል ለውጭ ገበያ በሚቆይባቸው ማቆያዎች የሚቀርበው መኖም ጥንቃቄ ይሻል። ለዶሮና ለከብት ማደለቢያ መኖ ውስጥ የሚጨመሩት ሳሊኖማይሲንና ሞነንሲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ለግመል ገዳይ መርዝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2007 በሳዑዲ ዓረቢያ ከሁለት ሺህ በላይ ግመሎች በአጭር ጊዜ ሲያልቁ፣ የአገሪቱ ባለሥልጣናት ምክንያቱን ከተበከለ መኖ ጋር አያይዘውታል። የዶሮ መኖ ጭኖ የነበረ ተሽከርካሪ ወይም ከረጢት ሳይጸዳ ለግመል መኖ መዋሉ ብቻ ለጉዳት ይበቃል።

ከግመል ወደ ሰው የሚተላለፉት በሽታዎች የጤናውን ዘርፍም ይመለከታሉ። ከእነዚህ መካከል ብሩሴሎሲስ ቀዳሚው ነው። እንስሳዋን ያስወርዳታል፤ በሰው ላይ ደግሞ የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያስከትላል፤ በጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ ወባ ወይም ታይፎይድ ተብሎ ይታከማል። ዋናው መተላለፊያው ያልፈላ ወተት ነው። የግመል ወተት በአርብቶ አደሩ ዘንድ በጥሬው የሚጠጣና እንደ መድኃኒትም የሚቆጠር በመሆኑ አፍልታችሁ ጠጡ የሚለው ምክር በቀላሉ ተቀባይነት አያገኝም። ከጅግጅጋና ከባቢሌ ዙሪያ በሴቶች ነጋዴዎች እየተሰበሰበ ወደ ከተማ የሚገባው ወተት ከብዙ መንጋ የተቀላቀለ ስለሆነ የአንዲት የታመመች ግመል ወተት ብዙ ሰው ዘንድ ይደርሳል። የምታስወርድ ግመል ወተት ከገበያ እንዲለይ ማድረግ ቢያንስ ተቀባይነት የሚያገኝ እርምጃ ነው።

የመካከለኛው ምሥራቅ የመተንፈሻ አካላት ሕመም ወይም መርስ እ.ኤ.አ. በ2012 በሳዑዲ ዓረቢያ ከታወቀ ወዲህ የቫይረሱ ማደሪያ ድሮመደሪ ግመል መሆኑ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1983 ከሶማሊያ ግመሎች ተወስዶ በተቀመጠ ደም ውስጥ የበሽታው ፀረ እንግዳ አካል መገኘቱ ቫይረሱ በአካባቢው ቀደም ብሎ እንደነበረ ያሳያል፤ በኢትዮጵያ ግመሎችም ላይ ተገኝቷል። ግመሉ ቢበዛ ጥቂት ንፍጥ ቢታይበት ነው። ለዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት ከተደረጉት ሰዎች ግን ከሦስቱ አንዱ ያህል ሕይወታቸው አልፏል።

በሽታ ገበያን እንዴት እንደሚዘጋ ለማየት እ.ኤ.አ. የ2000ን ክስተት ማስታወስ ይበቃል። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ በዚያ ዓመት መስከረም ወር በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲከሰት፣ ሳዑዲ ዓረቢያ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከአፍሪካ ቀንድ አገሮች የሚገባውን የቁም እንስሳ አገደች። እገዳው ለዓመታት በመቆየቱ ኑሮው በበርበራና በጅቡቲ መስመር ላይ የተመሠረተው አርቢ ከብቱንና ግመሉን በርካሽ ለመሸጥ ተገደደ። በሚሌና በጅግጅጋ የሚገኙት ኳራንቲኖች አስፈላጊነት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ኳራንቲን ግን የመጨረሻው በር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም፤ በወረዳ ያልተመዘገበ በሽታ በኳራንቲን ሲገኝ ገዢው አገር የሚያውቀው ከኢትዮጵያ ባለሙያ እኩል ነው።

በተበታተነና በሚንቀሳቀስ ሕዝብ መካከል አገልግሎት ማዳረስ የሚቻልበት መንገድ ተፈትኖ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአፋር ከማኅበረሰቡ የተመረጡና አጭር ሥልጠና የወሰዱ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ሙቀት የሚቋቋም የደስታ ክትባት ይዘው መኪና በማይገባበት ሁሉ ደረሱ። የመጨረሻው የደስታ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ የታየው በቀጣዩ ዓመት፣ በ1995፣ በዚያው በአፋር ነበር። ዘመቻው ሲያበቃ ግን መድኃኒት የሚያቀርብላቸውና የሚቆጣጠራቸው በማጣት ሥራቸውን የተዉ ብዙዎች ናቸው። የቀሩትን የከተማ የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች ጋር በማስተሳሰር ሕጋዊ የግመል መድኃኒት ከእጃቸው እንዲገኝ ማድረግ፣ በየገበያው በጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ለሚሸጠው መድኃኒት ብቸኛው ተፎካካሪ ነው።

የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የመድኃኒት ጥያቄያቸውን ሲያዘጋጁ አብዛኛውን ጊዜ ያለፈውን ዓመት ዝርዝር ይገለብጣሉ። ዝርዝሩ የከብት ከሆነ ጥያቄውም የከብት ይሆናል። ኩዊናፒራሚን ወይም ሜላርሶሚን በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን፣ ካለም ዝንብ ከሚበዛበት ወቅት በፊት መድረሱን ማረጋገጥ የኃላፊው ሥራ ነው። ለሱራ ምርመራ የሚያገለግለውና በካርድ ላይ ደምን በማደባለቅ የሚከናወነው ዘዴ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ስለሚሰጥና ትልቅ ላቦራቶሪ ስለማይጠይቅ በጤና ኬላ ደረጃ ሊሠራበት ይችላል። አጉሊ መነጽር ያለው ኬላ ደግሞ ተሕዋሱን በሕይወት እያለ ሊያየው የሚችለው ደሙ በተቀዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ከዚያ የዘገየ ናሙና ወደ ሰመራ፣ ወደ ጅግጅጋ ወይም ወደ ያቤሎ ላቦራቶሪ ቢላክም ቀዝቃዛ ዕቃ ውስጥ ሆኖ፣ የግመሉ ዕድሜና ናሙናው የተወሰደበት ሥፍራና ቀን ተጽፎበት መሄድ አለበት።